ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ቢያገባ ምን ይሆናል?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሠርግ ካለ ቀድሞ ይታወቃል። ኮሚናሉ በር ላይ ማገዶ ይራገፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ሽንኩርት መላጥ ይጀምራሉ። ባለፈው ጥር እኔም ከነሱ መሃል ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ወሬን ወሬ እያነሳው ስለ እህታቸው ልጅ ነገሩኝ። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። አዳራሽ ተይዟል፣ ቀብድ ተከፍሏል። እናቷ አሜሪካ ከሄደች ስድስት ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ እንደገባች ፕሮሰስ፣ ማለትም ልጇን ወደ አሜሪካ የመጥራቱን ሂደት፣ ጀምራላታለች።

«ካገባች በኋላ ባሏንም ይዛው ትሄዳለች አይደል?» አሉኝ።

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «እትዬ፣ እናቷ ሲቲዝን ሆናለች ወይስ ገና ግሪን ካርድ ላይ ናት?»

«እሱን እንኳ አላውቅም ልጄ። ብቻ ወረቀት አላት።»

«ወረቀት አላት» የሚለው አባባል ስንት ቤተሰብ እንደጎዳ እኔ አውቃለሁ። የምሠራው መገናኛ አካባቢ ትርጉም ቤት ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ ያላገባ ማስረጃ ስተረጉም ነው የምውለው። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው የሚጠይቀኝ ደግሞ ካገባ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው ከማግባታችሁ በፊት እንድታነቡት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መጥራት የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። ልጁ 21 ዓመት ካልሞላው ኤፍ2ኤ በሚባለው መስመር ይገባል፣ 21 ካለፈው ኤፍ2ቢ በሚባለው። ያገባ ልጅስ? ለግሪን ካርድ ባለቤት ያገባ ልጅ የተሰጠ መስመር የለም። ረጅም ሰልፍ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሰልፉ ራሱ የለም። ስለዚህ እናት ወይም አባት ገና ግሪን ካርድ ላይ እያሉ ልጅ ካገባ፣ የገባለት ፔቲሽን፣ ማለትም የጥሪ ማመልከቻው፣ በዚያው ቀን በሕጉ ራሱ ይሻራል። ማንም ቁጭ ብሎ እስኪወስን አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዚያ ቀን የሚነግራችሁ ሰው አለመኖሩ ነው። ኢሜይል አይመጣም፣ ስልክ አይደወልም። የኬዝ ቁጥራችሁን ኢንተርኔት ላይ ብታስገቡት ያው እንደ ድሮው ተቀባይነት አግኝቷል ይላችኋል። ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ቤት ሳይሠራ፣ ሥራ ሳይቀይር «የሚሄድ ሰው ነኝ» እያለ ይኖራል፤ ከዚያ ሰነድ አስገቡ ሲባል የጋብቻ ማስረጃውን ያቀርብና ፋይሉ የሞተው በሠርጉ ዕለት እንደነበር ያኔ ይሰማል። ጠረጴዛዬ ፊት እንደዚህ ሆኖ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

ተፋትቶ ቢመለስስ? አይመለስም። በግሪን ካርድ የተጀመረ ፋይል በጋብቻ አንዴ ከተሻረ ፍቺ አያስነሳውም። እናትየው በኋላ ሲቲዝን ብትሆንም የድሮውን ፋይል አታድነውም። አዲስ ታስገባለች፣ ወረፋውም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል።

ሲቲዝን የሆነ ወላጅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። አሜሪካዊ ዜጋ ያላገባ ትልቅ ልጁን በኤፍ1፣ ያገባ ልጁን ደግሞ በኤፍ3 መጥራት ይችላል። ስለዚህ የሲቲዝን ልጅ ፕሮሰስ ላይ እያለ ቢያገባ ፋይሉ አይሞትም፣ ከኤፍ1 ወደ ኤፍ3 ይዛወራል። ፋይሉ መጀመሪያ የገባበት ቀን፣ ፕራዮሪቲ ዴት የሚሉት፣ አብሮት ይሄዳል። የትዳር ጓደኛውና ያላገቡ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውም አብረው ይካተታሉ። ከ21 በታች ሆኖ ወረፋ የማይጠብቅ የነበረ የሲቲዝን ልጅ ቢያገባም እንደዚሁ ወደ ኤፍ3 ይወርዳል። የሚከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው።

ምን ያህል ጊዜ? በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ የወጣውን ቪዛ ቡለቲን፣ የአሜሪካ መንግሥት ወረፋው የት እንደደረሰ በየወሩ የሚያሳውቅበትን ዝርዝር፣ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ያለችው «ሌሎች አገሮች» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። ያኔ ኤፍ1 ላይ ሲስተናገዱ የነበሩት በ2016 የገቡ ፋይሎች ናቸው። ኤፍ3 ላይ በ2011 የገቡ። እህት ወንድም የሚጠራበት ኤፍ4 ላይ ደግሞ በ2008 የገቡ። ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ አራት ዓመት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ነው። እሱም ቢሆን ወደ ኋላ ሲቆጠር ነው። ዛሬ ለሚገባ ሰው ሊረዝም ይችላል፣ ምክንያቱም ወረፋው በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት አይራመድም።

ኤፍ3 ከኤፍ1 ለምን እንዲህ ወደ ኋላ ቀረ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ለሁለቱም በሕጉ የተመደበው ቁጥር እኩል ነው፤ ለዓለም ሁሉ በዓመት 23,400። ግን ኤፍ1 ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አንድ ቁጥር ይወስዳል። ኤፍ3 ላይ ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጅ፣ አምስት ቁጥር። አንድ ቤተሰብ ሲገባ አምስት ወንበር ይያዛል። ሲከፈልም ለየአንዳንዱ ሰው የቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር ነው። ስፖንሰሩ የሚያሳየው ገቢም በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግሪን ካርድ ያላት እናት ሲቲዝን ስትሆን ኤፍ2ቢ የነበረው ፋይል ወደ ኤፍ1 ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ልጇ ብታገባ ወደ ኤፍ3 ይሄዳል፣ ቀኑም አይጠፋም። ስለዚህ የሁሉ ነገር መወሰኛ ሁለት ቀኖች ናቸው፤ እናትየው የዜግነት መሐላ የፈጸመችበት ቀንና ልጅቷ ያገባችበት ቀን። የትኛው ቀደመ? እናት ረቡዕ ምላ ልጅ እሑድ ብታገባ ፋይሉ ነፍስ አለው። ልጅ እሑድ አግብታ እናት በማግሥቱ ሰኞ ብትምል አልቋል። አንድ ቀን ነው ልዩነቱ። የስድስት ዓመት ጥበቃ በአንድ ቀን።

ማመልከቻ ማስገባት አይበቃም፣ የዜግነት ፈተና ማለፍም አይበቃም። ዜጋ የሚኮነው በመሐላው ነው። ግሪን ካርድ ካገኙ አምስት ዓመት ሲሞላ ዜግነት መጠየቅ ይቻላል፣ ማመልከቻውንም አምስት ዓመቱ ሊሞላ ዘጠና ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ እጮኛ ያላችሁ ልጆች፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወላጆቻችሁን የምትጠይቁት ይኼን ነው፤ «አምስት ዓመትሽ መቼ ነው የሚሞላው? ማመልከቻ አስገብተሻል? መሐላሽ መቼ ነው?» ከማለች በኋላ ደግሞ የዜግነት ሰርተፍኬቷን ኮፒ ፋይሉ ላለበት መሥሪያ ቤት፣ ለናሽናል ቪዛ ሴንተር ወይም ለኢሚግሬሽኑ፣ ትላክ። ካላወቁ ፋይሉን አይቀይሩላችሁም።

ሰው የሚሳሳተው ከዲቪ ጋር ስለሚያምታታው ይመስለኛል። ዲቪ የደረሰው ሰው ከደረሰው በኋላ ቢያገባ ሚስቱን መጨመር ይችላል፤ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን አጥብቀው ይጠይቁታል እንጂ ሕጉ አይከለክለውም። ይኼን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከዚያ ያው ነው ብሎ የቤተሰብ ፕሮሰስ ላይም ይሠራበታል። የቤተሰብ ፕሮሰስ ግን «ያላገባ ልጅ» በሚል ስም የተከፈተ ፋይል ነው። ስሙ ሲቀየር ፋይሉም ይቀየራል፣ ወይም ይጠፋል።

የእህት ወንድም ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ አትጨነቁ። ብታገቡም ባታገቡም ኤፍ4 ያው ኤፍ4 ነው፣ የትዳር ጓደኛችሁም ይካተታል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ለልጆቻችሁ ነው። ፋይሉ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሲገባ አምስት ዓመቷ የነበረች ልጅ በ2025 22 ሞልቷታል። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቅ ሕግ ፔቲሽኑ ውሳኔ ሲጠብቅ የቆየበትን ጊዜ ከዕድሜዋ ይቀንስላታል፣ ብዙዎችም በሱ ተርፈዋል። ካገባች ግን ያ ሕግ አይረዳትም፣ ከቤተሰቡ ፋይል ትወጣለች።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ማግባት» ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው «ሰማንያ አልተፈራረምንም፣ ስለዚህ አላገባንም» ይለኛል። ተክሊል አድርገው፣ ቆርበው፣ ወይም ኒካህ ታስሮላቸው፣ ሁለት መቶ ሰው አብልተው፣ ወረዳ ስላልተመዘገቡ ብቻ ያላገቡ ይመስላቸዋል። አይደለም። አሜሪካኖቹ የሚያዩት ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና መሆኑን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችን ደግሞ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ምዝገባው ለማስረጃ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። የጋብቻ ወረቀት ባይኖርም ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት እየተያዩ ከኖሩ፣ ቤተሰቡና ሰፈሩም ባልና ሚስት ብሎ ከያዛቸው ፍርድ ቤት ጋብቻ አለ ሊል ይችላል።

ቀለበት ማሰር ብቻውን ጋብቻ አይደለም። ሽማግሌ መላክም አይደለም። ሳይጋቡ ልጅ መውለድም ጋብቻ አያደርገውም፤ እንዲያውም ያላገባ ሰው ልጁን ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል፣ ማስገባትም አለበት። ልጅ ደብቀው የሚሄዱ አሉ። እባካችሁ አትደብቁ። በኋላ ልጁን ለማምጣት ስትሞሉ ለምን ያኔ አልጠቀስከውም የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ስለ መደበቅ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከጣፎ በኩል መጣ። ክሊር ባግ ይዟል። «ይኼን ብቻ ተርጉሚልኝ» ብሎ ያላገባ ማስረጃ ሰጠኝ፣ ትኩስ ማህተም ያለው፣ ሰማያዊው ገና እጅ ላይ የሚለቅ። ወረቀቱን ስስብ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተከትሎ ወጣ። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ቀኑ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.። ሁለቱም ላይ አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ፣ ያው ሹራብ ሳይቀር። እሱም አየኝ፣ እኔም አየሁት። ፊቱ ቀላ።

የኛ ዳርቻ ለዚህ ይመቻል። አስፋልቱን ስትሻገሩ አስተዳደሩ ይቀየራል። ከወዲህ አዲስ አበባ፣ ከወዲያ ሸገር ከተማ። አንዱ ጋ የተመዘገበው ሌላው ጋ ሁልጊዜ አይታይም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ደግሞ ወረዳ ካልደረሰ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያላገባ ማስረጃ ማውጣት ከባድ አይደለም። ማውጣት መቻል ግን አንድ ነገር ነው፣ አብሮት መኖር ሌላ። ልጁ የጠየቀኝን አልተረጎምኩለትም። ቁጭ አድርጌ ያስረዳሁት ይኼን ነው።

እሺ፣ ቪዛ ተመታልህ፣ ገባህ። ከዚያ ሚስትህን ማምጣት ትፈልጋለህ። አይ-130 የሚባለው ፎርም ላይ መቼ ነው ያገባችሁት ይላል። 2014 ብለህ ጻፍክ? ስትገባ ዋሽተሃል። በኋላ እንደገና ሠርግ ደግሰህ አዲስ ቀን ጻፍክ? የልጅህ ልደት ከሠርግህ በፊት ነው፣ የሠርግ ፎቶህ ፌስቡክ ላይ አለ፣ ሚስትህ ኢንተርቪው ላይ ትጠየቃለች፣ በትዳር አራት ዓመታችን ነው ብላ አንድ ጊዜ ካመለጣት አለቀ። ቪዛ ለማግኘት ዋና ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው በአሜሪካ ሕግ ለዕድሜ ልክ ይታገዳል። ይቅርታ የሚጠየቅበት በር አለ፣ ግን ጠባብ ነው፣ ሁሉም አያልፍበትም። ገብቶ ግሪን ካርድ የያዘም ሊባረር ይችላል። ዜጋ የሆነ እንኳ ዜግነቱን ሊነጠቅ ይችላል። እድሜ ልኩን ሚስቱን በስልክ ብቻ እያየ የሚኖር ሰው የተፈጠረው አንዳንዴ ከዚህች ወረቀት ነው።

የወረቀት ፍቺም ያው ነው። የሲቲዝን ልጅ በእውነት ከተፋታ ከኤፍ3 ወደ ኤፍ1 ይመለሳል፣ ሕጋዊ ነው። ፍርድ ቤት ሄደው ተፋተናል ብለው ማታ አንድ ቤት የሚያድሩ ግን ራሳቸውን ገደል አፋፍ ላይ እያስቀመጡ ነው። ይኼን የሚመክሩ ጉዳይ አስፈጻሚዎች አሉ፣ ብርም ይቀበሉበታል። ኢንተርቪው መስኮት ፊት የምትቆሙት ግን እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያስተውልም። ቪዛ ተመታ ማለት ጥንቃቄው አለቀ ማለት አይደለም። በያላገባ መስመር ቪዛ ያገኘ ሰው አሜሪካ አየር ማረፊያ ደርሶ እስኪገባ ድረስ ያላገባ መሆን አለበት። የኛ ሰው ደግሞ ልጁ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው «ባዶ እጁን አይሂድ፣ ቃል ኪዳን እንሰርለት» ይላል። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። እናት ልጇ ሳይታሰር ሲሄድባት ትፈራለች። ግን ያቺ የስንብት ሠርግ ቪዛውን ዋጋ ታሳጣዋለች። ተሳፍሮ ሄዶ ቢገባ እንኳ የገባው በማይገባው መስመር ነው፣ በኋላ ጉዱ ይወጣል። ይግባ፣ ከዚያ ተመልሶ ያግባ። ለሚስቱ በግሪን ካርዱ ኤፍ2ኤ ይሞላላታል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በዚያ መስመር ሲስተናገዱ የነበሩት በ2024 መጀመሪያ የገቡ ፋይሎች ናቸው። እሱ ሲቲዝን ሲሆን ደግሞ ሚስት ወረፋ የላትም።

ፖሊሲው በየጊዜው እንደሚቀያየርም አትርሱ። ቪዛ ቡለቲኑ በየወሩ ይወጣል፣ እሱን ራሳችሁ እዩ። ነገሩ የተወሳሰበባችሁ ደግሞ አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅላችሁ። አንድ ቀጠሮ ነው፣ ከሠርግ አዳራሽ ቀብድ አይበልጥም።

እትዬ ያን ዕለት ሽንኩርቱን ትተው ተነሡ። ማታውኑ ለእህታቸው ደወሉ። እናትየው የዜግነት ማመልከቻ አስገብታለች፣ መሐላ ግን ገና። ሠርጉ ተሰረዘ። የአዳራሹ ቀብድ ግማሹ ቀረ፣ የሙሽራው ቤተሰብ አኮረፈ፣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄደው ማስረዳት ነበረባቸው። ልጅቷ ለሁለት ሳምንት ከአክስቷ ጋር አልተነጋገረችም። ሐምሌ ላይ እናትየው ማለች።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ከእጮኛዋ ጋር ናት። አሁን ብንጋባ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም በወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ፋይሏ የገባው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሳታገባ ብትጠብቅ ኤፍ1 ነው፣ ወረፋው 2016 ደርሷል፣ ሦስት ዓመት ይቀረዋል፣ ምናልባት ከዚያ በላይ። ከዚያ ሄዳ፣ ተመልሳ አግብታው፣ እሱ ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። ዛሬ ብታገባው ኤፍ3 ነው፣ ወረፋው 2011 ላይ ነው፣ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል፣ ግን ሲደርስ አብረው ይሄዳሉ። የወለዱትም ልጅ አብሯቸው።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ተመልሳ መጥታ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሰጠችኝ። ጥር 17፣ እሑድ። ኮሚናሉ ተይዟል።